ወደ ወንዛዬ ለሚሄድ መኪና ምን ይጨመርለት?

በባሕር ዳር ከሚኖሩት አንባቢዎቻችን አንዱ በቅርቡ ረዘም ያለ ደብዳቤ ልከውልናል። ነገሩ እንዲህ ነው። እኅትና ወንድም ሦስት ሆነው ገንዘብ አዋጥተው አንድ አዲስ መኪና ሊገዙ ተነሥተዋል። ይህንንም ያሰቡት ለክብር ወይም ለሽርሽር ሳይሆን ስለ እናታቸው ነው። እናታቸው ጉልበታቸውን ቁርጥማት ከያዛቸው ብዙ ዘመን ስለ ሆነ፣ በየዓመቱ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ እየሄዱ ሲታጠቡ ቆይተዋል። እስከ ዛሬ ይሄዱ የነበረው በሕዝብ ማመላለሻ መኪና ተጨናንቀው ነው፤ አሁን ግን ዕድሜያቸው ስለ ገፋ ለመውጣትም ለመውረድም ሁለት ሰው ደግፎ ያነሣቸዋል።

ገንዘቡ ከሞላ በኋላ ጭቅጭቅ ተነሣ። ሻጩ ከመኪናው ዋጋ ሌላ ለየብቻቸው የሚከፈልባቸውን ተጨማሪ ዕቃዎች የሚዘረዝር፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጣቸው። ታላቅየው መጎተቻውን ዊንችና ከኮፈኑ ጎን ወደ ላይ የሚቆመውን የአየር መሳቢያ ቱቦ ወደደ፤ ታናሽየው የቆዳ ወንበርና የመስተዋት ጣራ አማረው፤ እኅታቸው ደግሞ፣ «እናታችን የምትወጣበት መርገጫ የታለ?» ብላ ጠየቀች። ደብዳቤ ጸሐፊው፣ «ሁሉን ብንጨምር ገንዘባችን አይደርስም፤ አንዱን ብንተው ደግሞ መንገድ ላይ እንቀራለን ብለን ፈራን» ይላሉ።

እኛም ነገሩን ከሚያውቁ ሾፌሮችና መካኒኮች ጋር ከተመካከርን በኋላ ያገኘነውን እንጽፋለን። ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው ቤተ ሰብ በየከተማው እንደማይጠፋ እናምናለን።

በመጀመሪያ መንገዱን እንመልከት። ሰው ብዙ ጊዜ ስለ መንገዱ የሚያስበው መኪናውን ከገዛ በኋላ ነው። ከባሕር ዳር የተነሣ መንገደኛ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀውና 380 ሜትር ርዝመት ባለው በአዲሱ ድልድይ ዓባይን ይሻገራል፤ በጎንደር አውራ ጎዳና በአስፋልት ይጓዝና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጉማራ ሸለቆ ይገነጠላል። ወንዛዬ በደራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለ ስፍራ ነው። ከአስፋልቱ ወዲያ በጠጠርና በአፈር መንገድ በበጋ ጊዜ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ብርቱ ፈተና የለም። ሾፌሮች የነገሩን ችግር ሁለት ነው፤ አንዱ ከአፈሩ መካከል ብቅ የሚል ጥቁር ድንጋይ ሲሆን ሁለተኛው ዋልካ የሚባለው አፈር ነው። ዋልካ በደረቀ ጊዜ ተሰነጣጥቆ ይጠነክራል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ከጎማው ጋር ይጣበቅና የጎማውን ጥርስ ሞልቶ እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልሉ ያየውን ግጭት ላሳለፈ የባሕር ዳር ሰው፣ መንገዱ በዕለቱ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ጠይቅ ማለት አያስፈልገንም።

እንግዲህ ቤተ ሰቡ የሚፈልገው ተራራ የሚቧጥጥ መኪና አይደለም። ሰው ሳይንገላታ ጠጠሩን የሚያልፍ፣ ድንጋዩ ከሥር የማይነካው፣ ትንሽ ጭቃ ቢያገኘው የማይቆም ከሆነ ይበቃል። ታላቅየው የሚመኛቸው መኪናዎች ዘራቸው ከሌላ ነው፤ ጂፕ እ.ኤ.አ. በ1941 ለጦር ሠራዊት፣ ላንድ ሮቨር በ1948 ለገበሬ ተብለው ተሠሩ፤ ባልቴት እናትን ፍል ውኃ ለማድረስ ያሰባቸው አልነበረም።

ቤተ ሰቡ ሁለት መኪና አይቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ አንደኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ከክልከላው አስቀድሞ የገባና ገና ያልተነዳ የናፍጣ መኪና ነው። የኤሌክትሪኩ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ በዳገት ላይ ቀስ ብሎ ለመሄድ ይመቻል፤ የአየር መሳሳትም አያደክመውም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት፣ ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በዚያ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪኩ ባትሪ ግን ከወለሉ በታች ተዘርግቶ የሚተኛ ስለ ሆነ፣ መኪናው ከመሬት ያለው ከፍታና ሆዱን የሚሸፍነው የብረት መከላከያ ከሌላው መኪና ይልቅ ለእርሱ ያስፈልጉታል። በወረቀቱ ላይ ይህ መከላከያ ካለ የሚከፈልበት ገንዘብ የባከነ አይደለም።

ስለ ከፍታው ሻጩን በቃል ከመጠየቅ ይልቅ በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈውን ማየት ይሻላል። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ለእንዲህ ያለ መንገድ የተሠራችው ትንሿ ሱዙኪ ጂምኒ ከመሬት 21 ሳንቲ ሜትር ከፍ ትላለች። ከዚህ ብዙ ያነሰ ከሆነ በድንጋያማው መንገድ ላይ ሾፌሩን ያሳቅቃል። ይሁን እንጂ ከፍታው ሲበዛ አዛውንት መውጣት ያቅታቸዋል፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ያነጋገርናቸው መካኒኮች ሁሉ የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ጎማ ነው። መኪናውን መሬት የሚነካው በአራት የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፍራ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሞተሩም ፍሬኑም ሥራቸውን የሚሠሩት በዚያች ስፍራ አማካይነት ነው። በጎማው ጎን 265/70 አር 16 የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደ ሆነ፣ የመጨረሻው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ሻጮች ለማማር ሲሉ ትልቅ ቸርኬና ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ እንደ ብልጫ ያቀርባሉ። ለአስፋልት ይሆናል፤ በድንጋይ መንገድ ግን ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ቶሎ ይቆረጣል፣ ቸርኬውም ይመታል። ስለዚህ ቸርኬው ያነሰውንና የጎማው ጎን የረዘመውን ዓይነት መምረጥ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ዋጋውም ያነሰ ነው። የብረት ቸርኬ ቢጣመም ጎሚስታው መትቶ ያቃናዋል፤ የሚያብረቀርቀው የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን በብርቱ ሲመታ ይሰነጠቃል።

የጎማው ጥርስም ሦስት ዓይነት ነው። የአስፋልቱ፣ ለሁሉም የሚሆነው መካከለኛውና የጭቃው ጎማ ይባላሉ። የጭቃው ጎማ ጥርሱ ትልቅ ስለ ሆነ ዓይን ይማርካል፤ ነገር ግን በአስፋልት ላይ ይጮኻል፣ መንገዱ በዝናብ በረጠበ ጊዜም አያያዙ ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ዳር አስፋልት ላይ ለሚውል መኪና መካከለኛው ይበቃዋል። ደግሞ «አዲስ» የተባለ ጎማ ሁሉ አዲስ አይደለም። በጎኑ ላይ የተሠራበትን ጊዜ የሚያሳዩ አራት አኃዞች አሉ፤ 2324 ቢል እ.ኤ.አ. በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። በመጋዘን ብዙ ዓመት የቆየ ጎማ ላስቲኩ ይደርቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ስኮርታው ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ስኮርታ የላቸውም፤ በምትኩ የተበሳ ጎማ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ የአየር መንፊያ ይሰጣል። ፈሳሹ በምስማር የተበሳውን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍን ይሆናል፤ ጎኑን ድንጋይ የቆረጠውን ጎማ ግን አይደፍነውም። ከአስፋልት ወጥቶ እናቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ከአራቱ ጋር እኩል የሆነ አምስተኛ ጎማ፣ መኪናውን በሙሉ ጭነቱ የሚያነሣ ክሪክና የጎማ መፍቻ ሳይጨመርለት ፊርማውን ባያኖር ይሻላል። ጸሐፊው በላኩልን ወረቀት ላይ ይህ ስኮርታ በመጨረሻው መስመር፣ ከወለል ምንጣፍ በታች ተጽፎ ማግኘታችን አስገርሞናል።

አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረውን ኃይል ማለትም ፎር ዊሉን በተመለከተ፣ በጠጠር ዳገትና በቀላል ጭቃ ላይ ጥቅሙ የታወቀ ስለ ሆነ አቅም ካለ ይወሰድ። በእጅ የሚገባው ዓይነት ግን በደረቅ አስፋልት ላይ ሊነዱበት አይገባም፤ መኪናው ሲታጠፍ የፊተኞቹ ጎማዎች ከኋለኞቹ የበለጠ መንገድ ስለሚሄዱ ማርሾቹ እርስ በርሳቸው ይጨናነቃሉ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአንድነት የሚያስረው የዲፈረንሻል መቆለፊያ አንዱ ጎማ ከመሬት ለሚነሣበት ክፉ ስፍራ የተሠራ ነው፤ በወንዛዬ መንገድ የሚያስፈልግበት ቀን ጥቂት ነው። ዊንቹ ከነተሸካሚው ፓራውልት ከባድ ሲሆን የፊት ሞላዎችን ሁልጊዜ ይጫናል። በእርሱ ፈንታ ጠንካራ መጎተቻ ገመድ፣ አካፋና በትክክል ከሻንሲው ጋር የታሰረ ማንጠልጠያ ይበቃል፤ በገጠር መንገድ የሚረዳ ጎበዝ አይጠፋም።

ስለ አየር መሳቢያው ቱቦ ግን በቀላሉ ልናልፈው አንችልም። ታላቅየው፣ «ጉማራ ቢሞላ በእርሱ እንሻገራለን» ማለቱን ስናነብ ደንግጠናል። ቱቦው ውኃ በአየር መግቢያው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ይከላከላል፤ ሥራው ይኸው ብቻ ነው። መኪናው እንዳይንሳፈፍ አያደርግም። የጉማራ ምንጭ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ስለ ሆነ፣ በታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን በድንገት ሊሞላው ይችላል። በክረምትም ውኃው ከወንዙ ወጥቶ ሩዝ በሚዘራበት በፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛል። የጎርፍ ነገር ያጠኑ ሰዎች እንደሚያስተምሩት፣ የሚፈስ ውኃ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ትንሽ መኪና ሊወስድ ይችላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኞቹን መኪናዎች፣ ረጃጅሞቹንም ጭምር ጠርጎ ይሄዳል። ያውም የውኃው ቀለም ደፍርሶ መሬቱ ተቦርቡሮ እንደ ሆነ ከላይ አይታይም። ስለዚህ ይህ ቱቦ ለዚህ ቤተ ሰብ ጥቅም ከሚሰጠው ይልቅ ድፍረት የሚሰጠው ይበልጣል ብለን እንፈራለንና ይቅር እንላለን። የኤሌክትሪኩን መኪና ከመረጡ ነገሩ በራሱ ያበቃል፤ አየር የሚስብ ሞተር የለውምና።

ፖርቶመጋላ ቢጨመር አይከፋም፤ በወንዛዬ ለማደር ፍራሽና ስንቅ የሚይዝ ሰው ይጠቀምበታል። ሆኖም ሊሸከም የሚችለው ክብደት በመጽሐፉ ተወስኖ ተጽፏል፤ የፖርቶመጋላው ክብደትም በዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ከባዱን ዕቃ በላይ የጫነ መኪና በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይወላገዳል። የውኃ ጀሪካን ቦታው ከታች ነው። የመስተዋት ጣራውን ጉዳይ ታናሽየው ራሳቸው በአንድ የበጋ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከሥሩ ተቀምጠው ይፍረዱት።

አሁን ወደ እኅታቸው ጥያቄ እንመለስ፤ በእኛ አስተያየት ከሦስቱ ልጆች ነገሩን የተረዱት እርሳቸው ናቸው። መኪናው የሚገዛው ለእናት ከሆነ ሊመዘን የሚገባው በእናት ጉልበት ነው። በጎን የሚገጠመው መርገጫ ከመሬት ያለውን ከፍታ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ድንጋይም ሊመታው ይችላል። በቀላል መንገድ ላይ ግን ይህ ጉዳት ትንሽ ነው፤ ቁርጥማት ላለበት ሰው የሚሰጠው ዕረፍት ብዙ ነው። መርገጫው የማይንሸራተት ወለል ያለው፣ ሙሉ ጫማ የሚያሳርፍ ይሁን፤ ክብ ቧንቧ የሚመስለው ለማየት ያምራል እንጂ እርጥብ እግር ያንሸራትታል። ከበሩ በላይና ከበሩ ጎን የእጅ መያዣ መኖሩም ይታይ። በጎን ለጎን አግዳሚ ወንበር ብዙ ሰው የሚጭነውን ዓይነት መኪና የሚመርጡ አሉ፤ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ይገባል ብለው ነው። ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ የተቀመጠ ሰው ግን በፍሬን ጊዜ ጀርባው የሚደገፍበት የለውም። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በትከሻና በወገብ የሚያልፍ ቀበቶ ያለው ወንበር እንዲኖር ያስፈልጋል። የቆዳው ወንበር ከፍል ውኃ ለሚመለስ ሰው ለመጥረግ ይቀላል፤ ነገር ግን ርካሽ የሆነ የወንበር ልብስም ይህንኑ ያደርጋል።

ይህን በደብዳቤ ከመለስንላቸው በኋላ፣ ከመዋዋላቸው በፊት እናታቸውን ወደ ሻጩ ግቢ ይዘው እንዲሄዱ መከርናቸው። ሄዱም። እናቲቱ ከናፍጣው መኪና ላይ ሁለት ጊዜ ለመውጣት ሞክረው በሁለተኛው ጊዜ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ፤ በኤሌክትሪኩ ላይ በመርገጫውና በእጅ መያዣው ተረድተው ያለ ደጋፊ ተቀመጡ። ልጆቹ ዊንቹን፣ የመስተዋት ጣራውንና የቆዳውን ወንበር በእስክሪብቶ ሰርዘው የሆድ መከላከያውን፣ መርገጫውንና አምስተኛውን ጎማ ጨመሩ። ስኮርታው ከኋላ የሚታሰርበት ስፍራ ስላልነበረው ሻጩ ማሰሪያ እስኪያስመጣ ድረስ ርክክቡ ተላልፏል። ታላቅየው በዚህ ጥቂት ማጉረምረማቸውን ጸሐፊው ጨምረው ጽፈውልናል፤ ጉዞውም መስከረም አልፎ ዋልካው እስኪደርቅ ድረስ እንዲቆይ ተስማምተዋል።