በስልክ ለመነገድ የሚረዱ መሣሪያዎች፦ በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ ወጣቶች

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰው የረሃብ ዘመን ለወሎ ሕዝብ ይላክ የነበረው ዕርዳታ በኩንታል ይለካ ነበር። ዛሬም እህል የሚያስፈልገው ወገን አልጠፋም። ይሁን እንጂ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ያሉ ብዙ ወጣቶች አሁን የሚያነሡት ጥያቄ ሌላ ነው። «በኢንተርኔት ሠርተን ራሳችንን መቻል እንፈልጋለን፤ ምን ይዘን እንጀምር?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ የሚቀርበው ለፕሮጀክት ሠራተኞች ብቻ ሳይሆን ለምእመናንና ለሽማግሌዎችም ነው። ነገሩን ያልተረዳ ሰው በቅንነት ገንዘብ ሰጥቶ ወጣቱን ለኪሣራ ወይም ለአጭበርባሪ ሊዳርገው ይችላል። ስለዚህ የትኞቹ መሣሪያዎች ለአካባቢያችን እንደሚጠቅሙ፣ እንዴት እንደሚሠሩና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባ ከዚህ ቀጥሎ ባጭሩ እናብራራለን።

ዋና አሳባችን ይህ ነው። ለጀማሪ ነጋዴ የሚጠቅመው መሣሪያ ውድና አዲስ የሆነው አይደለም፤ በእጁ ባለው ስልክ የሚሠራ፣ ወጪው ትንሽ የሆነና መስመር በተቋረጠ ቀን ጨርሶ የማይከዳው ነው።

ኢንተርኔት የሚሸከመውና የማይሸከመው

በኢንተርኔት የሚነግዱ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ዕቃ የሚሸጡ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ሙያ የሚሸጡ ሲሆኑ፣ እነርሱም በኮምፒዩተር የሚጽፉ፣ የሚተረጉሙ፣ ማስታወቂያ የሚነድፉ ወይም ፕሮግራም የሚሠሩ ናቸው።

በደሴ ዙሪያ ባለው ደጋ ከበግ ጠጉር ባና ይሠራል፤ ሸማኔው ጋቢና ነጠላ ያወጣል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ደግሞ ፋብሪካውና የኢንዱስትሪ ፓርኩ አሉ። ከዚያም ወደ ምሥራቅ የባቲ የሰኞ ገበያ ከደጋም ከቆላም ሰው ይሰበስባል። እንግዲህ የሚሸጥ ነገር አልታጣም። የጎደለው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ያለው ገዢ ዕቃውን የሚያይበት መንገድ ነበር። ኢንተርኔት ይህን ክፍተት ይሞላል። የሚሸከመው ግን ሥዕሉን፣ ዋጋውንና ገንዘቡን ብቻ ነው። ዕቃውን የሚሸከመው እንደ ቀድሞው አውቶቡስና የጭነት መኪና ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ከዕቅዱ ግማሹን እንደ ዘነጋ ይቁጠረው።

1ኛ. ዕቃን ለማሳየት

በአገራችን ብዙ ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት ቴሌግራም ነው። «ቻናል» የሚባለው ገጽ በነጻ ይከፈታል። ሻጩ ሥዕልና ዋጋ ሲያወጣበት ተከታዮቹ ሁሉ ያያሉ። መስመሩ ደካማ በሆነበት ቦታም ቢሆን በአነስተኛ ዳታ ስለሚሠራ ለእኛ አካባቢ ይስማማል። ፌስቡክና ቲክቶክ አዲስ ሰው ለማግኘት ይረዳሉ፤ ቪዲዮ ግን ዳታ ይበላል። ዋትስአፕ ለንግድ ያዘጋጀው ነጻ አገልግሎት የዕቃ ዝርዝር ማስቀመጫ ስላለው በተለይ ውጭ አገር ካሉ ዘመዶች ጋር ለሚነግድ ሰው ጥሩ ነው።

ጀማሪው በአራቱም ላይ ከሚበተን አንዱን መርጦ በየቀኑ ቢሠራበት ይሻላል። ሥዕሉን ለማንሣት ልዩ መብራት አያስፈልግም፤ ጠዋት በመስኮት አጠገብ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ማንሣት ይበቃል። ማስታወቂያውን አሳምሮ ለመንደፍ ካንቫ የተባለው መሣሪያ በነጻ ከሚሰጠው ክፍል አይታለፍም።

ስለ ጽሕፈትም አንድ ነገር እናስታውስ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ በየትኛውም ስልክ እንዲነበብ መንገዱ ተከፍቷል። ስለዚህ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ አያስፈልግም። ነገር ግን መፈለጊያው «ፀጉር»ን እና «ጸጉር»ን እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት ሊቆጥራቸው ይችላል። የፀጉር ቅባት የሚሸጥ ሰው በአንደኛው ብቻ ከጻፈ በሌላው የሚፈልገው ገዢ ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ የዕቃውን ስም በሁለቱም አጻጻፍ ማስፈር ያዋጣል።

ሱቅ ወይም የሥራ ቦታ ያለው ሰው ቦታውን በጉግል ካርታ ላይ በነጻ ማስመዝገብ ይችላል። በደሴ «ከፒያሳ ከፍ ብሎ»፣ «ከሰኞ ገበያ ዝቅ ብሎ» እየተባለ መንገድ ስለሚነገር፣ በካርታ ላይ የተተከለ ምልክት ለእንግዳ ሰው ትልቅ ዕርዳታ ነው።

2ኛ. ገንዘብ ለመቀበል

በስልክ ገንዘብ መላክ በምሥራቅ አፍሪካ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 በኬንያ በተጀመረው በኤም-ፔሳ ነው። በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኤም-ፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አስከተለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ሲቢኢ ብር የተባለ አገልግሎት አለው።

የፕሮጀክት ሠራተኞች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ቴሌብር በ*127#፣ ሲቢኢ ብር ደግሞ በ*847# ያለ ኢንተርኔት መሥራታቸው ነው። ይህ አሠራር በድምፅ ስልክ መስመር ስለሚሄድ ቁልፍ ባላት ተራ ስልክም ይቻላል። ስለዚህ ዘመናዊ ስልክ የሌላት ሸማኔ ወይም ባና ሠሪ እናት ገንዘቧን ራሷ መቀበል ትችላለች፤ ልጇ ወይም ደላላ እስኪያደርስላት መጠበቅ የለባትም።

የራሱ ድረ ገጽ ኖሮት በየቀኑ ብዙ ክፍያ ለሚቀበል ነጋዴ እንደ ቻፓና አሪፍፔይ ያሉ አገናኝ ድርጅቶች አሉ። በሳምንት አምስትና ስድስት ዕቃ ለሚሸጥ ጀማሪ ግን ድረ ገጹም አገናኙም ገና አያስፈልጉትም። በውጭ አገር መጻሕፍት የሚመከሩት የክፍያ ድርጅቶችም ሁሉም በኢትዮጵያ አያገለግሉም። ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚገባለት ባንኩን ይጠይቅ።

በቴሌብር በኩል ብድርና ቁጠባም ይገኛል። በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር የተጀመሩት «መላ»፣ «እንደኪሴ» እና «ሳንዱቅ» የሚታወቁ ናቸው። ብድሩ ያለ መያዣ መሰጠቱ መልካም ነው፤ የመክፈያ ጊዜው ግን አጭር ነው። ዛሬ ገዝቶ በሳምንት ውስጥ ለሚሸጠው ዕቃ ካልሆነ በቀር ባይነካ ይሻላል።

3ኛ. ሒሳብ ለመያዝ

ብዙ ጅምር የሚወድቀው ገዢ አጥቶ ሳይሆን ሒሳብ አጥቶ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ወጣት ጋቢ በ2,500 ብር ገዝቶ በ3,000 ብር ይሸጣል እንበል። 500 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ለአውቶቡስ 150፣ ለመጠቅለያ 30፣ ለስልክና ለዳታ 70 ብር ቢያወጣ ጠቅላላ ወጪው 2,750 ብር ይሆናል፤ ትርፉም 250 ብር ብቻ ነው። እንግዲህ አሥር ጋቢ ልኮ አንዱ ሳይከፈል ቢቀር ያወጣው 27,500፣ የገባለት 27,000 ብር ነው። ዘጠኝ ጋቢ ሸጦ 500 ብር ከሰረ ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ወጪ፣ የአውቶቡስ ረዳት ጉርሻም ቢሆን፣ ይጻፍ። ጉግል ሺትስ የተባለው ሠንጠረዥ በነጻ ይገኛል፤ መስመር በሌለበትም ስልክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ሠንጠረዥ ያልለመደ ሰው ባለ መስመር ደብተር ቢይዝ አያፍርበት። ሁለተኛ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ገንዘቡ ወይም ቢያንስ ግማሹ ይግባ። ገዢውም በበኩሉ ማያውቀው ሰው ገንዘብ ማስቀደም ይፈራል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜ ገዢው ባለበት ከተማ የሚኖር ታማኝ ዘመድ ዕቃውን ተቀብሎ፣ ክፍያው መግባቱን ሻጩ ሲያረጋግጥለት ቢያስረክብ ሁለቱም ያርፋሉ።

የተጻጻፉትን መልእክትም አለማጥፋት ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለተደረገ ስምምነት የሕግ ዕውቅና ሰጥቷል። ንግዱ መልክ ሲይዝ ደግሞ ፈቃድ ማውጣትና ግብር መክፈል እንደ ማንኛውም ነጋዴ ግዴታ ነው፤ ቀን ሳያልፍ የአካባቢውን የንግድ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይበጃል።

4ኛ. ሙያ ለመማር

መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ የሚሰጥ፣ ፈተናውን ላለፈም የምስክር ወረቀት የሚያስገኝ ሲሆን፣ ለሦስት ዓመት የታቀደ ስለ ነበረ ከመጀመር በፊት ምዝገባው ክፍት መሆኑን መጠየቅ ይገባል። ካን አካዳሚም ሒሳብንና የኮምፒዩተር ትምህርትን ያለ ክፍያ ያስተምራል። እነዚህ ትምህርቶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። ስለዚህ ሦስትና አራት ሆነው፣ እንግሊዝኛ የሚሻለው ለሌሎች እያስረዳ ቢማሩ ፍሬው ይበዛል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ተቋሙም በኮምቦልቻ ስላሉ፣ ተማሪዎቹን በትርፍ ጊዜያቸው እንዲያግዙ መጠየቅ የሚቻል ነገር ነው።

መስመር ሲቋረጥ

የውጭ አገር አስተማሪዎች የማይጽፉት፣ የእኛ አካባቢ ነጋዴ ግን ከሁሉ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በያዘ ጊዜ ባንክና ስልክ ቆሞ፣ ብዙ ሱቅና መጋዘን ተዘርፎ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ደንበኞቹን ሁሉ በቴሌግራም ብቻ ያወቀ ነጋዴ ያን ጊዜ የአንዳቸውም ስልክ ቁጥር በእጁ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ጀማሪ አራት ነገሮችን አስቀድሞ ያድርግ፦

ሀ) የደንበኞቹንና የአቅራቢዎቹን ስምና ስልክ ቁጥር በደብተር ይጻፍ፤ መስመር ሲመለስ ወይም በድምፅ ስልክ ይደውልላቸዋል።

ለ) ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን የክፍያ መንገድ እርሱም ደንበኛውም ቀድመው ይለማመዱት።

ሐ) ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ቦታ አያስቀምጥ፤ ከፊሉ በባንክ፣ ከፊሉ በስልክ፣ ጥቂቱ በእጅ ይሁን።

መ) ከዕቃው ጥቂቱን በአካባቢው ገበያ ይሽጥ። የጎረቤት ደንበኛ ያለው ነጋዴ መስመር በጠፋ ቀን ጾሙን አያድርም።

ከአጭበርባሪ መጠበቅ

በስልክ የሚመጣ ማጭበርበር በአብዛኛው በሦስት መልክ ይታያል። አንደኛው የሐሰት ደረሰኝ ነው፤ ገዢው «ልኬአለሁ» ብሎ ሥዕል ያሳያል። ሻጩ የደንበኛውን ስልክ ሳይሆን የራሱን ሒሳብ አይቶ ብቻ ዕቃውን ያስረክብ። ሁለተኛው «ከቴሌ ነው የምንደውለው» ብሎ የምስጢር ቁጥር መጠየቅ ነው፤ ምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም። የተጠራጠረ ሰው ራሱ ወደ 127 ደውሎ ይጠይቅ።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። «ሥዕል እየነካችሁ፣ ቪዲዮ እያያችሁ ብር ታገኛላችሁ» የሚል ጥሪ በቴሌግራም ይመጣል። መጀመሪያ ጥቂት ብር በእውነት ይከፈላል፤ ልብም ያምናል። ቀጥሎ «ደረጃችሁ ከፍ እንዲል» ገንዘብ አስገቡ፣ ሰውም አምጡ ይባላል። ለፊተኞቹ የሚከፈለው ከኋለኞቹ የመጣው ገንዘብ ነው እንጂ አንዳች የተሠራ ሥራ የለም። የሚገባ ሰው ሲያንስ ገጹ ይዘጋል። ይህ ነገር በዘመድና በማኅበር በኩል ስለሚዛመት፣ ሲፈርስ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን መተማመንንም ይዞ ይሄዳል። መለያው ቀላል ነው፦ ለመሥራት መጀመሪያ ክፈሉ የሚል ሥራ ሥራ አይደለም።

ምን እናግዝ?

ደጋፊዎቻችን ብዙ ጊዜ «ኮምፒዩተር እንግዛላቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒዩተር የመጀመሪያው ነገር አይደለም። ሦስት ወጣቶች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ደህና ስልክ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ፣ የሦስት ወር ዳታና ባለ መስመር ደብተር ቢሰጡ ብዙ ይራመዳሉ። ሙያ የሚሸጡት ግን ኮምፒዩተር ያስፈልጋቸዋል፤ ለእነርሱም ቢሆን ሥልጠናውን ከጨረሱ በኋላ ቢገዛ ይመረጣል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ገንዘብ ከመስጠታቸው በፊት የአንድ ወር ሒሳብ ይመልከቱ። ሦስት ዕቃ ሸጦ በደብተር ያሰፈረ ወጣት ሠላሳ ገጽ ዕቅድ ከጻፈው ይልቅ ለዕርዳታ ዝግጁ ነው። ምእመናን ደግሞ በጉባኤ ፊት ወይም በማኅበር ስብሰባ ማንኛውም «በኢንተርኔት ገንዘብ የሚያስገኝ» ጥሪ ሳይጣራ እንዳይነገር ይጠንቀቁ፤ በእነርሱ አፍ የተነገረውን ሰው ያምነዋልና። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖችም ለበዓል በግ ወይም ጋቢ ለእናታችሁ ስትልኩ ከእነዚህ ወጣቶች ብትገዙ፣ ዕቃውም ይደርሳል፣ ለወጣቱም ከልገሳ የሚበልጥ ደንበኛ ትሆኑታላችሁ።

መሣሪያው ከዓመት ዓመት ይለወጣል። የተጻፈ ሒሳብ፣ በሰዓቱ የደረሰ ዕቃና የተጠበቀ ቃል ግን በሰኞ ገበያም በቴሌግራምም ያው ናቸው። ወጣቶቻችንን ስንረዳ ስልኩን ከመስጠታችን በፊት እነዚህን እናስለምዳቸው።