ፈረሱ ይኸው፤ ሜዳውስ?

የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም

(ድምፅ፦ የማለዳ ወፎች። ለስላሳ አፈር ላይ የሚራመድ የፈረስ ኮቴ ከሩቅ እየቀረበ ይመጣል።)

ተራኪ፦ ናይሮቢ ነን፤ ከመሀል ከተማው በስተ ምዕራብ፣ ንጎንግ ሮድ በሚባለው ጎዳና አካባቢ። ሊነጋጋ ነው። ሌሊት የወረደው ጤዛ ከሣሩ ላይ አልተነሣም። የካረን ሰፈር ፈረሶች ከየጋጣቸው ወጥተዋል። ኬንያውያን «ሳይስ» የሚሏቸው ፈረስ ጠባቂዎች፣ አንዳንዶቹ ልጓም ይዘው፣ አንዳንዶቹ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ወደ ጫካው እየወሰዷቸው ነው። ፈረስ ቆሞ አይውልም። ካልተንቀሳቀሰ እግሩ ያብጣል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ጠባዩም ይከፋል።

(ድምፅ፦ የኮቴው ድምፅ ይለወጣል፤ ደረቅ አስፋልት። የሞተር ብስክሌት ክላክስ። ፈረስ ያሽካካል።)

ተራኪ፦ አፈሩ አለቀ፤ አስፋልቱ ጀመረ። ከጋጣው እስከ ጫካው ያለችው ይህች አጭር መንገድ የዛሬው ዝግጅታችን ጉዳይ ናት።

ያገራችን ሰው «ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው» ይላል። እችላለሁ ለሚል ሰው «በል እንግዲህ አሳየን» ማለት ነው። ይህን የተናገሩ አባቶች ፈረሱ ቢደክም፣ ጋላቢው ቢሰንፍ ብለው ያሰቡ ይሆናል። ሜዳው ራሱ ይጠፋል ብለው ግን አልጠረጠሩም። በናይሮቢ ፈረሱ አለ፤ ጋላቢውም አለ። እያለቀ ያለው ሜዳው ነው።

በዝግጅታችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይተን ካልገለጽን በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

(ድምፅ፦ የከተማ ግርግር፤ የማታቱ (የሚኒባስ ታክሲ) ረዳቶች ጥሪ።)

ተራኪ፦ ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና ተቆረቆረች። ፈረስ ከእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ጋር ገባ፤ የፈረስ እሽቅድምድምም ተከትሎ መጣ። ኢስትሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከካሪዮኮር ገበያ አጠገብ የሚያልፈውን ሬስ ኮርስ ሮድ ያውቀዋል። የፈረስ መሮጫ መንገድ ማለት ነው። ዛሬ እዚያ ጎዳና ላይ ጋራዥና ሱቅ፣ መኪናና ጋሪ እንጂ ፈረስ የሚሮጥበት ቦታ የለም። መሮጫው በ1954 ወደ ንጎንግ ሮድ ተዛወረ፤ ስሙ ብቻ እዚያው ቀረ።

ይህ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ባልደራስ ማለት የቤተ መንግሥት ፈረሶች አለቃ ማለት ነበር። ዛሬ ባልደራስ ሲባል ብዙው ወጣት የሚያስበው የጋራ መኖሪያ ቤቶቹን ነው። ከተማ ሲያድግ ፈረሱን ያስወጣና ስሙን ያስቀራል።

(ድምፅ፦ የንፋስ ድምፅ በዛፎች መካከል።)

ተራኪ፦ ካረን የሚባለው ሰፈር ከንጎንግ ኮረብታዎች ግርጌ ይገኛል። ዴንማርካዊቷ ደራሲ ካረን ብሊክሰን ከ1917 እስከ 1931 የኖረችውና ቡና ያለማችው እዚህ ነበር። እርሻው ከስሮ ሲሸጥ መሬቱ ለመኖሪያ ቤት ተሸነሸነ፤ ቤቷም በ1986 ሙዚየም ሆነ። ግቢዎቹ ሰፋፊ ስለነበሩ ብዙዎቹ ጋጣ ነበራቸው። በየመንገዱ ዳርና ዳር የተተወው ሰፊ ሣርም ያለ አዋጅ የፈረስ መተላለፊያ ሆኖ ኖረ። ፈረሰኛው በሣሩ ሄዶ ጫካ ይገባል፣ ጫካውን ዞሮ በሣሩ ይመለሳል።

አሁን ሰፋፊዎቹ ግቢዎች እየተከፋፈሉ ነው። አንድ ቤት በነበረበት አሥር ቤት ይሠራል፤ አሥሩም መኪና አላቸው። የመንገድ ዳሩን ሣር ችግኝ ሻጩ ይይዘዋል፣ አጥሩ ወደፊት እየገፋ ይገባበታል፣ የውሃ ቦይ ይቆፈርበታል፣ መኪና ይቆምበታል። ማንም ተሰብስቦ «የፈረሱን መንገድ እንዝጋ» ብሎ አልወሰነም። የማንም ነው ተብሎ ያልተጻፈ መንገድ የሚጠፋው እንዲህ ነው፤ በየዕለቱ አንድ አንድ ክንድ እየተቀነሰ።

(ድምፅ፦ የፈረስ ትንፋሽ፤ የልጓም ብረት።)

ተራኪ፦ ፈረስን ለማያውቅ ሰው ጉዳዩ ትንሽ ሊመስለው ይችላል። አስፋልቱ ላይ ቢሄድ ምናለ?

የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። የሚሰወረው ልክ ከኋላው ያለውና ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለው ጥቂት ቦታ ነው። ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ብስክሌት ታክሲ ግን የሚደርስበት ከዚያው ከማያየው ከኋላው ነው። ፈረስ ታዳኝ እንስሳ ነው፤ ዋና መከላከያው እግሩ ነው። ሲደነግጥ ለማመዛዘን ጊዜ አይወስድም፤ ደንብሮ ይወረወራል። ወደ 500 ኪሎ የሚጠጋ ሰውነት፣ በብረት ጫማ፣ በሚያንሸራትት አስፋልት ላይ። ከላዩ ደግሞ ሰው አለ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የተባለው ለጦር ሜዳ ነበር፤ በመኪና መንገድ ላይም አይዋጋም።

ሀገሩ ደግሞ በየዓመቱ ከ4,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ የሚሞቱበት ነው። ከሟቾቹ ትልቁን ቁጥር የሚይዙት እግረኞች ናቸው። ለእግረኛ ያልራራ መንገድ ለፈረስ አይራራም።

(ድምፅ፦ ወደ ጫካ መግባት፤ የቅጠል ኮሽታ።)

ተራኪ፦ ፈረሶቹ ወደሚሄዱበት ጫካ እንግባ። ንጎንግ ሮድ ፎረስት ይባላል። በ1932 በሕግ ተከልሎ ሲመዘገብ ስፋቱ ከ2,900 ሄክታር በላይ ነበር። ዛሬ የቀረው 1,200 ሄክታር ገደማ ነው። ከእሽቅድምድም ሜዳው ጎን ያለው ክፍል ለእግረኛ፣ ለብስክሌተኛና ለፈረሰኛ የሚሆኑ የአፈር መንገዶች አሉት። ለብዙ ዘመን የሚፈራ፣ ወንበዴ የሚሸሸግበት ጫካ ነበር። ፍርሃቱ የቀነሰው ጠባቂ ሲቆምለትና ሰው ሲመላለስበት ነው። መንገድን መንገድ የሚያደርገው እግር ነው፤ እግር ሲቀር ዳዋ ይወርሰዋል።

በ2016 ደግሞ ሳውዘርን ባይፓስ የተባለው ፈጣን መንገድ አለቀ። ከሞምባሳ መንገድ ተነሥቶ እስከ ኪኩዩ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የናይሮቢን ብሔራዊ ፓርክ ጠርዝ ታክኮ፣ የንጎንግ ሮድን ጫካ ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። የከተማዋን መጨናነቅ ለማቃለል የተሠራ መንገድ ነው፤ ጥቅሙን ማንም አይክድም። ነገር ግን አንድ የነበረው ጫካ ሁለት ሲሆን ከወዲህ ማዶ ያለው ፈረስ፣ ሰውና አውሬ ወዲያ ማዶ ለመሻገር የመኪናውን መንገድ መጋፈጥ ግድ ይሆንበታል። የባሰውን ጉዳት የሚያደርሰው ጫካው ውስጥ ያለው ርቀት ሳይሆን መሻገሪያው ነው። አንድ መቶ ሜትር የማያስተማምን መሻገሪያ አሥር ኪሎ ሜትር ጥሩ መንገድን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል።

(ሙዚቃ፤ ለአፍታ።)

ተራኪ፦ እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ ማለፍም አይገባንም። ናይሮቢ ውስጥ ፈረስ የሚጋልበው ማን ነው? ብዙዎቹ ባለጸጎች ናቸው። ከዚያው ጫካ ጠርዝ ኪቤራ አለ፤ ሕዝቡ በቆርቆሮ ቤት ተፋፍጎ የሚኖርበት። ለኪቤራ እናት የፈረስ መንገድ ምኗ ነው?

መልሱ መንገዱ ላይ አለ። ኮርቻው ላይ ያለው ባለጸጋ ሊሆን ይችላል፤ ጎህ ሳይቀድ ፈረሱን ይዞ አስፋልት የሚሻገረው ሳይስ ግን የዕለት እንጀራውን የሚያገኝ ሠራተኛ ነው። አደጋው መጀመሪያ የሚያገኘው እርሱን ነው። ደግሞም ለፈረስ የሚበቃ የአፈር መንገድ ለሁሉም ይበቃል። ወደ ሥራ በእግሩ የሚሄደው፣ ጭራሮ ተሸክማ የምትመለሰው፣ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ልጅ፣ በዳጎሬቲ ሰፈር በኩል ውሃ የሚያመላልሰው አህያ ሁሉ ያልፉበታል። ብዙ የናይሮቢ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው። ፈረሰኛው ለራሱ ብቻ አጥር ከጠየቀ ይሸነፋል፤ ለሁሉም የሚሆን መንገድ ከጠየቀ ግን ብዙ ወዳጅ ያገኛል።

(ድምፅ፦ የሕዝብ ጫጫታ፤ ቀስ በቀስ ይጠፋል።)

ተራኪ፦ ናይሮቢ ይህን ትምህርት በካሩራ ጫካ ተምራዋለች። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ያለው ካሩራ ከ1,000 ሄክታር በላይ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ መሬቱ በድብቅ ለቤት ሠሪዎች መታደሉ ሲታወቅ የአካባቢ ጥበቃ ታጋይዋ ዋንጋሪ ማታይ ሴቶችንና ወጣቶችን አስከትላ ችግኝ ይዛ ሄደች። በጥር 1999 ዛፍ ልትተክል ስትል በተቀጠሩ ሰዎች ተደብድባ ራሷ ተፈነከተ። ትግሉ ግን አልቆመም፤ በዚያው ዓመት የመንግሥት መሬት እደላ እንዲቆም ታዘዘ። ማታይ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተቀበለች። ዛሬ ካሩራ ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር በመተባበር የሚተዳደር፣ ሰው በነጻነት የሚራመድበትና ብስክሌት የሚነዳበት ጫካ ነው። ካሩራ የተረፈው ሰው ስለቆመለት ነው።

ሰው መቆሙ ብቻውን አይበቃም፤ ወረቀትም ያስፈልጋል። ወረቀቱ ደግሞ በኬንያ አለ። የ2010 ሕገ መንግሥት የመንግሥት ጫካን የሕዝብ መሬት ይለዋል፤ ለእያንዳንዱ ሰውም ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። የ2016 የደን ሕግ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው ጫካውን አብረው እንዲያስተዳድሩ ይፈቅዳል። ከሁሉም በላይ ለጉዳያችን የሚቀርበው የ2012 የመሬት ሕግ ነው። «የጋራ መተላለፊያ መብት» የሚለውን ያውቃል፤ ሕዝብ የሚያልፍበት መንገድ በሕግ ተከብሮ እንዲመዘገብ ማኅበርም ሆነ የሰዎች ቡድን ሊያመለክት ይችላል። ቁልፉ በበሩ ላይ አለ፤ የሚያዞረው እጅ ነው የሚፈለገው።

(ሙዚቃ፤ ለአፍታ።)

ተራኪ፦ ፈረስን ወደ ናይሮቢ ያመጡት እንግሊዞች በአገራቸው ምን አደረጉ? በ1949 ባወጡት ሕግ የየአውራጃው አስተዳደር ሕዝብ የሚተላለፍባቸውን መንገዶች ሁሉ በካርታ እንዲመዘግብ አዘዙ። ከእነዚህ አንዱ ዓይነት የፈረስ መንገድ ነው፤ በእግርና በፈረስ ይታለፍበታል፣ ከ1968 ወዲህ በብስክሌትም ጭምር። ካርታው ላይ የሰፈረን መንገድ ባለመሬቱ እንዳሻው ሊያጥረው አይችልም። በ2022 ደግሞ ለአሽከርካሪዎች በወጣው መመሪያ ላይ ፈረስ ሲያልፉ በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጡና ቢያንስ ሁለት ሜትር እንዲርቁ ተጻፈ። እነርሱ ይዘውት ወደ አፍሪካ የመጡት ፈረሱን ነው፤ የፈረሱን መንገድ የሚጠብቀው ሕግ በአገራቸው ቀረ።

(ድምፅ፦ የፈረስ ግልቢያ፤ የብዙ ኮቴዎች።)

ተራኪ፦ አድማጮቻችን፣ ስለ ናይሮቢ ስናወራ ልባችን እዚያው አገራችን ነው። እኛ መሪዎቻችንን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በእኛ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ ጥር 23 ቀን ፈረሱን ሸልሞ ይወጣል። በአዲስ አበባ ጃን ሜዳ ጉግስ ተጫውተንበታል፤ በእንጦጦ ዛሬም ሰው ፈረስ ይቀመጣል።

ግን ለእነዚህ ፈረሶች መንገዱን የጻፈላቸው ማን ነው? አዲስ ጎዳና ሲነደፍ፣ አዲስ ሰፈር ሲሸነሸን፣ የጋሪ ፈረስ የሚያልፍበት፣ የጋላቢ ልጅ ያለ ስጋት የሚሻገርበት መስመር ካርታው ላይ ይታሰባል? በየገጠር ከተማው ዳር በኮቴ የተረገጡ የአፈር መንገዶች አሉን። እስካሁን የጠበቃቸው ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ቡልዶዘር ፊት አይቆምም።

(ድምፅ፦ የማለዳው ኮቴ እንደገና፤ አስፋልቱን ጨርሶ ለስላሳ አፈር ላይ።)

ተራኪ፦ ፈረሶቹ ዛሬ በደህና ጫካው ደርሰዋል። ነገም በዚያው መንገድ ይመጣሉ።

በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በእንጅባራም ሆነ በደብረ ብርሃን ፈረስ ያላችሁ፣ ፈረስ የምትወዱ፣ ወይም በእግራችሁ የምትሄዱ ሁሉ አንድ ነገር አድርጉ። የምትሄዱበትን የአፈር መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመዱበት፤ የት እንደሚጠብ፣ የት እንደሚታጠር፣ የት አስፋልት እንደሚያቋርጠው ጻፉ። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ፈርማችሁ ለከተማው ፕላን ክፍል አስገቡት። መንገዱ ገና በእግር ሳለ ካልተጻፈ፣ ከታጠረ በኋላ የሚመልሰው የለም።

(ድምፅ፦ ኮቴው እየራቀ ይጠፋል።)