የለንደን አጭር ቀንና የዐስር ሶላት

ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ለንደን የገባን ሰሞን የፈራነው ብርዱን ነበር፤ የፈተነን ግን ሶላት ሆነ። በአገራችን መግሪብ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው፣ በእኛው ሰዓት አቆጣጠር፣ በሰኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ገና 10 ሰዓት ሳይሞላ! ከ7 እስከ 10 ሰዓት የሚዘልቀው ትምህርት ታዲያ ዐስርን ዋጠብን። ከክፍል መውጣት አፍረን (ምኑ ያሳፍር ነበር?) ቀዷ ይዘን ወደ ማደሪያችን ተመለስን።

በሳምንቱ ዋይትቻፕል መንገድ ላይ ካለው፣ ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1985 ከተከፈተው የምሥራቅ ለንደን መስጂድ የሶላት ወቅት ሰሌዳ ወሰድን። ለትምህርት የምትወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ የክፍል ፕሮግራማችሁን ገና ስትቀበሉ ከዚህ ሰሌዳ ጋር አስተያዩት። እኛም ሰሌዳውን ይዘን መምህራችንን አስፈቀድን።

«አስር ደቂቃ ይበቃችኋል?» አሉን።

አልሐምዱሊላህ፣ አምስትም ይበቃን ነበር።