ወገቡ ታክሞ የእግሩ ሕመም ለምን ይዘገያል?

የዲስክ ኦፕራሲዮን የሚሠራው ወገብ ላይ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ሰው ወደዚያ የሚያደርሰው እግሩ ነው። ከመቀመጫ ተነስቶ በታፋ ጀርባና በባት በኩል እስከ ውስጥ እግር የሚወርድ፣ ቁጭ ሲሉ የሚብስ፣ ሲያስሉ እንደ ኮረንቲ የሚነዝር፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም። ስለዚህ ታካሚው ከማደንዘዣ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያዳምጠው እግሩን ነው። ብዙዎች በዚያው ቀን “ለቀቀኝ” ይላሉ። ቤት ገብተው፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት አልፎ፣ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ግን ያው የሚያውቁት ሕመም ባታቸው ወይም አውራ ጣታቸው ላይ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ታካሚውም ቤተሰቡም “ኦፕራሲዮኑ አልያዘም” ብለው ይደመድማሉ።

ይህ ድምዳሜ በአብዛኛው ስሕተት ነው። ጉዳቱም ትንሽ አይደለም፤ መዳን የጀመረውን ሰው መልሶ አልጋ ላይ ያስተኛል፣ ወጌሻ ዘንድ ይወስዳል፣ ሐኪም ያላዘዘውን መርፌ ያስወጋል። ስለዚህ እግር ለምን እንደሚዘገይ ከሥሩ መረዳት ያስፈልጋል።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ዙሪያው ጠንካራ፣ መሃሉ ዝልግልግ ነው። ዙሪያው ሲሰነጠቅ ከመሃሉ የወጣው ነገር በአጠገቡ የሚያልፈውን የነርቭ ሥር ይጫናል። ይህ በብዛት የሚደርሰው በወገብ 4ኛና 5ኛ አከርካሪዎች መሃል፣ ወይም በ5ኛውና ከበታቹ ባለው አጥንት መሃል ነው። ከዚያ አካባቢ የሚወጡት ሥሮች ተጋጥመው ወደ እግር የሚወርደውን፣ ከሰውነታችን ነርቮች ሁሉ ወፍራም የሆነውን ነርቭ ይሠራሉ። ወገብ ላይ የተነካው ሥር እግር ላይ የሚያሳምመው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1934 የቦስተን ሐኪሞች ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር ከዲስክ የወጣው ነገር ነርቭ እየተጫነ የእግር ሕመም እንደሚያመጣና በቀዶ ሕክምና ሊወገድ እንደሚችል ጽፈው ካሳወቁ በኋላ፣ ለረጅም ዘመን ነገሩ ሁሉ የግፊት ጉዳይ ብቻ መስሎ ቆየ። በ1993 የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ሥራ ግን ሌላ ነገር አሳየ። የዲስክን መሃል ወስደው፣ ምንም ግፊት ሳያደርጉ፣ የአሳማ የነርቭ ሥር ላይ ብቻ ቢያስቀምጡት ነርቩ መልእክት የማስተላለፍ አቅሙ ቀነሰ። ከዲስኩ የሚወጣው ነገር በራሱ ነርቭን ያስቆጣል ማለት ነው። ሐኪሙ የሚጫነውን ነገር ቆርጦ ሊያወጣ ይችላል፤ የተቆጣውን ነርቭ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያበርደው አይችልም። በዚያ ላይ ኦፕራሲዮኑ ራሱ እብጠት ያመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግር ለቆ ተመልሶ የሚያመው ብዙውን ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው።

ድንጋይ ተጭኖት የከረመ ሣር ድንጋዩ በተነሳ ዕለት አይቀናም፤ ነርቭም እንዲሁ ነው። ግፊቱ አጭርና ቀላል ከነበረ የተጎዳው የነርቩ ሽፋን ብቻ ስለሚሆን በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ያገግማል። የነርቩ ክሮች ራሳቸው ከተበላሹ ግን እንደ አዲስ ማደግ አለባቸው፤ የሚያድጉትም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከወገብ እስከ እግር ጣት አንድ ሜትር ግድም ርቀት አለና ሒሳቡ ወደ 1,000 ቀን ይጠጋል። ሕመሙ ጠፍቶ፣ ጉልበቱ ተመልሶ፣ የጣቱ መደንዘዝ ብቻ ለዓመት የሚቆይ ሰው የሚያጋጥመው ለዚህ ነው። ቅደም ተከተሉም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ሕመሙ ይቀላል፣ ቀጥሎ ጉልበት ይመለሳል፣ መደንዘዙ መጨረሻ ይለቃል፤ ጨርሶ የማይለቅበትም ጊዜ አለ።

ይህን ለእኛ አገር ታካሚ በተለይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ኦፕራሲዮን ክፍል የሚደርሰው ጠበሉንም፣ ወጌሻውንም፣ መርፌውንም ሞክሮ፣ ገንዘብ እስኪጠራቀም ወይም ወረፋ እስኪደርስ ጠብቆ ነው። ነርቩ ከስድስት ወር በላይ ግፊት ውስጥ የቆየ ሰው ውጤቱ ቶሎ ከታከመው ያነሰ እንደሚሆን ጥናቶች ያሳያሉ። እንዲህ ያለው ሰው ራሱን በሁለት ወሩ ከታከመው ጎረቤቱ ጋር ማስተያየት የለበትም።

ማስተያየት ካስፈለገ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የኔዘርላንድ ጥናት ይሻላል። ኃይለኛ የእግር ሕመም የያዛቸው 283 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ቶሎ ኦፕራሲዮን እንዲደረጉ፣ ግማሾቹ በማስታገሻ እየታገዙ እንዲቆዩና ካልተሻላቸው እንዲደረጉ። ቶሎ እንዲታከሙ ከተመደቡት እኩሌታው ያገገመው በ4 ሳምንት፣ ከሌሎቹ እኩሌታው በ12 ሳምንት ነው። ዓመት ሲሞላ በሁለቱም ወገን 95 ከመቶው ተሽሎናል ብለዋል። ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። ኦፕራሲዮን በዋናነት የሚሰጠው ፍጥነትን ነው። ደግሞም ቶሎ ከታከሙት መካከል እንኳ እኩሌታው በ4ኛው ሳምንት ገና ድኛለሁ አላሉም ነበር። በ15ኛው ቀን ተስፋ መቁረጥ እንግዲህ ያለጊዜው ነው።

መሻልን ዛሬን ከትናንት ጋር እያስተያዩ አይለኩትም፤ ቀኑ ይወጣል ይወርዳል። ይህን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋር ያስተያዩ። ሕመሙ እስከ የት ይደርሳል? ከጣት ወደ ባት፣ ከባት ወደ ታፋ፣ ከታፋ ወደ መቀመጫ እየሸሸ ከሆነ፣ ወገብዎ ራሱ ትንሽ ቢብስም እንኳ ጥሩ ምልክት ነው። ሳያርፉ ምን ያህል ይራመዳሉ? ሌሊት ስንቴ ይነቃሉ? እነዚህን በሳምንት አንድ ቀን ደብተር ላይ ማስፈር ከማንም ጠያቂ አስተያየት የበለጠ ይጠቅማል።

ሁሉም ሕመም ግን የመዳን ሕመም አይደለም። ከ100 ታካሚዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ያው ዲስክ እንደገና ይወጣል። ይህ ሲሆን ደህና የነበረ እግር፣ አንዳንዴ ሲያስሉ ወይም ዕቃ ሲያነሱ፣ ድንገት እንደ ቀድሞው ይያዛል፤ ቀናት ቢያልፉም አይቀልም። ያን ጊዜ ወደ ሐኪም መመለስ ነው። ከዚህ የሚከፋም አለ። ኮርቻ ላይ የሚያርፈው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ፣ ሽንት አልመጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ፣ ወይም ሲራመዱ የእግር ጣት መሬት እየነካ መጎተት ከጀመረ፣ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል። ትኩሳትና እየባሰ የሚሄድ የወገብ ሕመም፣ ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል።

አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከጋለና ሲነኩት ካመመ ደግሞ ጉዳዩ ምናልባትም የነርቭ አይደለም፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ በደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ከደረሰ ይገድላል። እኛ ቤት እግሬን አመመኝ ያለ ሰው ቶሎ ቅባት ይቀርብለታል፣ ባቱ ይታሻል። በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ያበጠ ባትን ማሸት ግን የረጋውን ደም ሊያስነሳ ይችላል። ወጌሻዎቻችን የወለቀ ትከሻ፣ የተሰበረ ክንድ ሲያክሙ የኖሩ ናቸው፤ ገና ሥጋው ያልጠገገ፣ ነርቩ የቆሰለ ወገብ ግን የእነሱ ቦታ አይደለም። ለቤተሰቡ ይህን አስቀድሞ መንገር የታካሚው ሳይሆን የሐኪሙ ግዴታ መሆን ነበረበት።

ከሁሉ የሚጠቅመው መድኃኒት መራመድ ነው። በቀን አንዴ ረጅም መንገድ ከመሄድ አምስትና አሥር ደቂቃ እየሆነ ብዙ ጊዜ መራመድ ይሻላል። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ያደሰው ግምገማ ኦፕራሲዮኑ ከተደረገ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ እንቅስቃሴ የጀመሩ ሰዎች ሕመማቸው ካልጀመሩት ፈጥኖ እንደቀነሰና እንቅስቃሴው ዳግም ኦፕራሲዮንን እንዳላበዛ አሳይቷል። ነርቩን በዝግታ የሚያንሸራትቱ ልምምዶችም አሉ፤ እነዚህን ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይማሩ። የታፋ ጀርባ የተኮማተረ ስለሚመስል ብዙ ሰው በኃይል ይስበዋል፤ የሚሳበው ግን ጡንቻው ብቻ አይደለም፣ የታመመው ነርቭም አብሮ ይሳባል፣ ማታ ደግሞ ይቆጣል።

ኑሯችን የሚጠይቀውን ጎንበስ ማለት ማንም የውጭ መመሪያ አይዘረዝረውም። በርጩማ ላይ ሆኖ ቡና ማፍላት፣ ዝቅ ያለ ምጣድ ላይ እንጀራ መጋገር፣ ጀሪካን መሸከም፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት ሁሉም ወገብን ያጥፋል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፍ ያለ ወንበርና ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ስግደት ለለመደ ክርስቲያን የንስሐ አባቱን ማማከር፣ ለሙስሊሙም ለሕመምተኛ እንደተፈቀደው ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ይቻላል። ጠያቂ ደግሞ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ግን እንግዳ አክብሮ ሦስት ሰዓት ሶፋ ላይ የተቀመጠ ታካሚ ሌሊቱን በእግሩ ይከፍላል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ መንጎራደድ ነውር አይደለም። ሲተኙ በጎን ከሆነ በጉልበቶች መሃል፣ በጀርባ ከሆነ ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ ያሳርፋል።

ስለ ክኒን አጭር ነገር ልበል። እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉት ለቁስልና ለእብጠት ይረዳሉ፤ ለሚያቃጥልና ለሚነዝር የነርቭ ሕመም አቅማቸው ውስን ነው፣ ሲበዙም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። ለነርቭ የሚታዘዙት ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊንና አሚትሪፕቲሊን ቀስ እየተባለ የሚጨመሩ ናቸው፤ እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ያዞራሉ፣ በድንገትም አይቋረጡም። ለሁሉም ይሠራሉ ማለት ግን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ወደ እግር ለሚወርድ ሕመም ፕሪጋባሊን መድኃኒት ከሌለበት ክኒን የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ስለዚህ ተሞክሮ ካልጠቀመ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ማቆም ነው እንጂ ለዓመታት መዋጥ አይገባም።

የአደጋ ምልክት ሳይኖር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገንዘብ ተበድሮ ኤም አር አይ ማስነሳትም አልመክርም። እብጠቱና ጠባሳው ከቀረ ዲስክ ጋር ስለሚመሳሰል ፎቶው ብዙ ጊዜ ጭንቀት ይጨምራል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር አልፎም እግሩ ካልተሻሻለ ግን እንደ አዲስ መመርመር ተገቢ ነው። ሌላ ቦታ የጠበበ ነርቭ፣ ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ሊገኝ ይችላል። ሕመሙ ጨርሶ የማይለቃቸውም አሉ፤ እነሱም ሕክምና አላቸውና “ቻለው” ተብለው ሊሸኙ አይገባም።

ከሆስፒታል ሲወጡ ግን አንድ ነገር ይጠይቁ። በየትኛው አጥንት መሃል፣ በየትኛው ጎን፣ ምን እንደተሠራ፣ የእግርዎ ጉልበትና የመደንዘዙ ልክ ያን ቀን ምን እንደነበረ የሚገልጽ ወረቀት ይጻፍልዎ። ባሕር ዳርም ሆነ ጎባ፣ ነገ የሚያይዎ ሐኪም አዲሱን ከአሮጌው የሚለየው በዚያ ወረቀት ነው።