የማኅደር ማንገቻ

የብራና መጽሐፍ ብዙ ወዳጅ አለው። ሐረጉን የሚያደንቅ፣ ሥዕሉን ፎቶ የሚያነሣ፣ ቀለሙ ከምን እንደተበጠበጠ የሚጠይቅ አይጠፋም። መጽሐፉን ከአይጥ፣ ከጭስና ከዝናብ ጠብቆ ያቆየውን ማኅደር ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው፤ ማንገቻውንማ ማን አይቶት! በ1960ዎቹ አጋማሽ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሣት ሲጀምሩም ካሜራው የሚፈልገው ገጹን ነበር።

ማኅደር በመጽሐፉ ልክ የተሰፋ የቆዳ ቤት ነው፤ ክዳን አለው፣ በትከሻ የሚያዝበትና በግድግዳ የሚሰቀልበት ማንገቻ አለው።

ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው አገር ለማንገቻ ከባድ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ብዙም አይርቅም፤ ደብረ ወርቅ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለዳቸውም ባለታሪኩን በዛብህን ዲማ አድርሰውታል። የቆሎ ተማሪ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ሲሄድ በአንድ ትከሻው አኮፋዳ፣ በሌላው ዳዊቱን ከነማኅደሩ አንግቶ በእግሩ ነው። ቅኔ ፍለጋ ስንት ወንዝና ስንት ቁልቁለት እንዳለ የሄደበት ያውቀዋል።

ማንገቻ የሚበጠሰው መጽሐፉ ከብዶት የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። ያለቀ ማንገቻ ስታገኙ እስቲ የተበጠሰበትን ቦታ እዩት፦ ትከሻ ላይ የሚያርፈው መካከሉ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ያለቀው ከማኅደሩ ጎን በቀዳዳው በኩል የሚታጠፍበት ላይ ነው። በብዙ ማኅደሮች ማንገቻ የሆነው አንዱ ጠፍር በክዳኑም በማደሪያውም ጎኖች ስለሚያልፍ ክዳኑ ተንሸራትቶ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ተለይቶ አይጠፋም። ብልህ አሠራር ነው፤ ግን ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጠፍሩ እዚያችው ቦታ ላይ ይፋተጋል። ዳዊት ደግሞ በየዕለቱ የሚደገም መጽሐፍ ነው።

ታዲያ ማንገቻው እንዲያልቅ ነው የተሠራው። የድሮ ሠሪዎች ማንገቻውን ከማኅደሩ ጋር አንድ አድርገው መስፋት አቅቷቸው አልነበረም። ከሁለቱ አንዱ ማለቁ ካልቀረ የሚያልቀው ጠፍሩ ይሁን፤ ጠፍር በአንድ ከሰዓት ይቀየራል፣ ማኅደር ግን በመጽሐፉ ልክ እንደገና መሰፋት አለበት። የዘመኑ ሰው የሚያበላሸው ይህንን ነው። ጠፍሩ ሲበጠስ ከሱቅ የናይሎን ገመድ ይገዛና «አሁንስ መቼም አይበጠስ!» ብሎ ደስ ይለዋል። እውነቱን ነው፤ ገመዱ አይበጠስም። ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ የደረቀውን ቆዳ እንደ መጋዝ እየበላ ቀዳዳውን ወደ ላይ ይሰነጥቀዋል።

ሞጣ ገበያ ዳር አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቀምጬ ሳለ አንድ ተማሪ እንዲህ የተሰነጠቀ ማኅደር ይዞ መጣ።

«ልጄ፣ ይህን ገመድ ማን አስገባልህ?»

«ራሴ ነኝ አባባ። የቆዳው ቶሎ ቶሎ ተበጠሰብኝ።»

«እሱ ቢበጠስ ምን ቸገረህ? አሁን እኮ የምሰፋልህ ጠፍሩን አይደለም፤ ቤቱን ነው።»

ልጁ ዝም አለ። እኔም ብሆን መልስ የለኝም።

ማንገቻ ስትቀይሩ አዲሱ ጠፍር ከከብቱ ጀርባ በኩል ይቆረጥ፤ የሆድ ቆዳ ልል ስለሆነ እየተለጠጠ ያስቸግራል። ለስላሳ እስኪሆን በውኃ ይዘፈዘፍ፣ ጫፉ እንደ ወስፌ ሾጠጥ ተደርጎ ይግባ። ቀዳዳው ጠቦ ከሆነ ጫፉ ይቅጠን እንጂ ቀዳዳው አይስፋ። ይህን ሁሉ ስትሠሩ መጽሐፉ ማኅደሩ ውስጥ አይሁን፤ ብራና እርጥበት ሲያገኝ ይጨማደዳል፣ ማኅደሩ ጠበብ ብሎ የሚሰፋበትም አንዱ ምክንያት ገጹ ተጭኖ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ ነው። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራልና ርዝመቱን በእርጥቡ ለክታችሁ ቁርጥ አታድርጉት፤ አንድ ጣት ያህል ትርፍ ተዉለት። ቋጠሮው ግን በእርጥቡ ይታሰር፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። ማድረቅ በጥላ ነው። እሳት ዳር ያስቀመጠ ሰው ጠፍር ሳይሆን እንጨት ያገኛል።

ቅቤ መቀባት የሚወዱም አሉ። ማኅደሩ ወዝ እንዲያገኝ ነው ይላሉ። ወዙን መጀመሪያ የሚያሸተው አይጥ ነው፤ የተረፈው ደግሞ ሰርጎ ብራናውን ያወዛዋል። ቆዳው ደረቀ ብላችሁ አትዘኑ፣ መድረቁ ነው ቅርጹን ይዞ ያቆየው።

ስለ መስቀያው አንድ ነገር ልበል። ድሮ ማኅደር የሚሰቀለው ወፍራም የእንጨት መስቀያ ላይ ነበር፤ ዛሬ ሚስማር ላይ ነው። ሚስማር ቀጭን ነው፣ ይዝጋል፣ ዝገቱም ጠፍሩን ይበላል። መካከሉ ላይ የተበጠሰ ማንገቻ ካያችሁ ከላይ ያልኩትን አላፈረሰም፤ ግድግዳውን ተመልከቱ፣ ሚስማር ታገኛላችሁ።

ናይሎን ቀድማችሁ ያስገባችሁም ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት። ግን አትጎትቱት፤ ከቀዳዳው በሁለቱም በኩል በመቀስ ቆርጣችሁ፣ የቀረችውን ቁራጭ በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አውጧት። ጎትታችሁ ያወጣችሁት እንደሆነ የቀዳዳው ከንፈር አብሮ ይመጣል።