የስፌት መኪናው ሞተርና የትምህርት ቤቱ ፊዚክስ

ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ቱላ በአስተዳደር የከተማው አካል ብትሆንም በእንሰት ጓሮዎች የተከበበች ናት። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከዚህ ጓሮ ተነሥቶ ስፌት መኪና ፊት መቀመጥ ለአካባቢው ወጣት እንግዳ ነገር አይደለም። ለመሆኑ ትምህርት ቤት ለዚህ ጉዞ የሚያስይዘው ስንቅ ምንድን ነው?

መኪናውን ራሱን እንመልከት። በቀድሞዎቹ የፋብሪካ ስፌት መኪናዎች ሠራተኛዋ ሰፋችም አልሰፋችም ሞተሩ ሲሽከረከር ይውላል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ኃይሉ በፍሪሲዮን አማካይነት ወደ መርፌው ይተላለፋል። በሰርቮ ሞተር የሚሠሩት ግን ፔዳሉ ካልተነካ ይቆማሉ። የመርፌውን አቀማመጥ የሚለይ ሴንሰር ሲኖራቸውም መርፌው ከጨርቁ ወጥቶ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። የሠራተኛዋ የእግር ልማድ ከመኪናው ጋር ይለወጣል፤ ሕጉ ግን ያው ነው። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት መስክ ውስጥ ይገፋል። ማይክል ፋራዳይ በዚህ ኃይል ሽቦን በማግኔት ዙሪያ ያሽከረከረው እ.ኤ.አ. በ1821 ነበር።

እንጀራውም እንደ መኪናው ተለዋዋጭ ነው። ከፓርኩ ግንባር ቀደም ባለሀብቶች አንዱ የነበረው የአሜሪካው ፒ.ቪ.ኤች. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ በኅዳር 2014 ዓ.ም. አስታወቀ። በታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ታገደች። እጅጌ መግጠም ብቻ የተማረች ወጣት ያን ጊዜ ምን ይዛ ትወጣለች? የሞተርን ጠባይ የምታውቅ ብትሆን በወፍጮ ቤትም ሆነ በውሃ ፓምፕ ዘንድ ባይተዋር አትሆንም ነበር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት በዚህ ረገድ መታወስ ይገባዋል። ቤተ ሙከራ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ሙከራን በመስኮት አሳይቷል፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ይሁን እንጂ የሳተላይቱ ሥርጭት ጥያቄ አይቀበልም፣ የዘገየውንም አይጠብቅም፤ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነበር። ተማሪው የሚሽከረከር ሞተር አየ እንጂ እምቢ ብሎ የቆመ ሞተር አላጋጠመውም። በእኔ አስተያየት ዋናው ትምህርት ያለው ከቆመው ዘንድ ነው።

ታብሌትና ኮምፒዩተር ይምጡ፤ አልቃወምም። ከእነርሱ አስቀድሞ ግን አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔትና ቫርኒሽ የተቀባ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ለተማሪው ይሰጡ። ሽቦውን ጠቅልሎ፣ የአንዱን ጫፍ ቫርኒሽ ዙሪያውን፣ የሌላውን ግማሽ ጎኑን ብቻ ሲፍቅ ጥቅልሉ ይሽከረከርለታል። ሁለቱንም ጫፎች ዙሪያቸውን ከፋቃቸው ግን ጥቅልሉ እየተወዛወዘ ይቸገራል። ምክንያቱን መምህሩ ቶሎ ባይነግረው እመርጣለሁ።