መትከል ሰደቃ ነው፤ ማጽደቅስ?

አንድ ሙስሊም የተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ሲመገብለት ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ለመብልና ለጥላ የሚበቃው ግን የጸደቀ ተክል ነው። ታዲያ በየክረምቱ የምንተክለው ችግኝ ስንቱ ጸደቀ?

ከኒጀር ገበሬዎች የምንማረው

ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም የሆነው ኒጀር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በድርቅ ክፉኛ ተጎድታለች። በዘመቻ የተተከለው ችግኝ አብዛኛው ደረቀ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን የማራዲና የዚንደር ገበሬዎች ከቆዩ ጉቶዎች የሚያቆጠቁጠውን ቡቃያ መመንጠር ትተው፣ ጠንካራውን እየመረጡና እየገረዙ በማሳቸው ውስጥ ያሳድጉት ጀመር። ዛፉ አፈራቸውን ከነፋስ ከለለ፤ ማገዶና መኖም ሰጣቸው። ጎረቤት ከጎረቤት እያየ ሥራው ተስፋፋ።

ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ተመራማሪዎች የድሮና የቅርብ ጊዜ የአየርና የሳተላይት ፎቶግራፎችን ሲያመሳክሩ፣ 5 ሚሊዮን ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ ዛፍ መመለሱን ተገነዘቡ።

ኮምፒዩተር ዛፍ ሲቆጥር

እ.ኤ.አ. በ2020 በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን በምዕራብ አፍሪካ ሰሃራና ሳህል፣ በ1.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ1.8 ቢሊዮን በላይ ዛፎችን ቆጠረ። በቅድሚያ 90,000 የሚጠጉ ዛፎች በሰው እጅ በሳተላይት ፎቶግራፎች ላይ ምልክት ተደረገባቸው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒዩተር ጥበብ ከእነዚህ ተምሮ የቀረውን ለየ። ሆኖም አናቱ ከ3 ካሬ ሜትር ያነሰውን አልቆጠረም። የዘንድሮ ችግኝ እንግዲህ በእግር ተሂዶ ካልታየ በስተቀር ከሰማይ አይታይም።

እኛስ ምን እናድርግ?

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 ከተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ወዲህ በርካታ ወጣቶች በፈቃዳቸው ችግኝ ተክለዋል። ለሚቀጥለው ሥራ የሚከተሉት ይጠቅማሉ፦

1. የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ የሚያነሷቸው ፎቶግራፎች በነጻ ይገኛሉ። የተራቆተውን ተዳፋት አስቀድማችሁ ለዩበት። የበጋን ፎቶ ከበጋ ጋር አስተያዩ፤ በክረምት ሣሩም አረንጓዴ ነውና።
2. የተከላችሁበትን ስፍራ በስልካችሁ መዝግቡ።
3. በበጋ ተመልሳችሁ የጸደቀውን ቁጠሩ፤ የደረቀውን ተኩ።
4. ጉቶው የሚያቆጠቁጥ ከሆነ፣ አዲስ ከመትከል በፊት ከከብት ከልላችሁ ጠብቁት።

ሳተላይት ያሳያል እንጂ ውሃ አያጠጣም፤ አጥርም አያጥርም። ምድር በእጃችን ያለች አማና ናት። አላህ (ሱ.ወ) የተከልነውን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።